የፍሪሲዮኑ ትንፋሽ

መጀመሪያ ዓይኗ ውስጥ የገባው የምግብ ጠረጴዛው አግዳሚ ነው። ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ የጠረጴዛውን እግሮች የሚያያይዘው እንጨት፣ አባቷ በሚቀመጥበት በኩል ቫርኒሹ ተልጦ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። ማንኪያ ወድቆባት ልታነሳ ስትጎነበስ ነው ያየችው። እዚያው እንደተጎነበሰች የአባቷ ግራ እግር መጣና አግዳሚው ላይ አረፈ። ቀስ አድርጎ ገፋው፤ ገፍቶ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ የተኛ ሕፃን ላለመቀስቀስ የሚጠነቀቅ ይመስል በዝግታ ለቀቀው። ከጠረጴዛው በላይ ያለው አባቷ ግን ሾርባውን ፉት እያለ ስለ ጎረቤት ውሻ ያወራል።

ማንኪያዋን ይዛ ቀና አለች። ጠረጴዛው ሰሞኑን ለምን ወደ ግድግዳው እየተጠጋ እንደሚሄድ አሁን ገባት። እሷ ወለሉ ዘቅዝቆ መስሏት ካርቶን እያጠፈች ከእግሩ ሥር ስትወትፍ ነበር የከረመችው።

«ምን ሆንሽ?» አላት።

«ምንም። ማንኪያ ወድቆ ነው።»

«ማንኪያ ለማንሳት ይሄን ያህል?» አለና ወደ ሾርባው ተመለሰ። እግሩም ከሥር ወደ ሥራው ተመለሰ።

አባቷ ዕድሜውን የከባድ መኪና መሪ ላይ የጨረሰ ሰው ነው። በወጣትነቱ ወታደር ሆኖ ባለ ተሳቢ የጦር መኪና ነዳ፤ ከሠራዊቱ ሲሰናበት ደግሞ እህልና ሲሚንቶ፣ ብረትና ጨው እየጫነ ዞረ። የዚያን ዘመን ፍሪሲዮን፣ ማርሽ በተቀየረ ቁጥር በግራ እግር የሚረገጠው ፔዳል፣ እንደ ዛሬው በጫማ ጫፍ የሚነካ አልነበረም። ሲረግጡት ግድግዳ እንደ መግፋት ነበር። ዳገት ለዳገት ሲረግጠው ኖሮ የግራ ጭኑ ከቀኙ ወፈረ። ልጁ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሙያውን ከእናቷ ነው የወረሰችው፤ ከሙያው ጋርም የአባቷን ልክ ወርሳለች። የሱ ሱሪ ሲቆረጥ የግራው እግር ከቀኙ ሁለት ጣት ይሰፋል። አንድ ጊዜ መንገድ ላይ ሌላ ሰፊ ጋ አሰፍቶ፣ ቤት ሲመጣ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ቀርቶ አልወጣም ብሎት፣ «ሰውየው ለአንድ እግር ብቻ ነው የሚሰፋው እንዴ?» እያለ በአንድ እግሩ እየዘለለ ቤቱን በሳቅ ገድሎት ነበር።

ያን ሁሉ ገደል አፋፍ ለአፋፍ ሲያሽከረክር ኖሮ አንዲት ጭረት ያላገኘችው ሰው፣ እናቷ ባረፈች በዓመቱ፣ አምፖል ልቀይር ብሎ በርጩማ ላይ ወጣና ወደቀ። ግራ ዳሌው ተሰበረ። ሐኪሞቹ ብረት አስገቡለት። ከአልጋ ሲነሳ የሱሪው ግራ እግር እንደ ባዶ ጆንያ ተንጠለጠለበት።

«አምጣው ላጥብበው» አለችው።

«ተዪው» አላት፤ «ይሞላል።»

መኪናው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አንድ የትራንስፖርት ድርጅት ባለቤት ከቁራሊዮ፣ ከአሮጌ ብረት ግቢ ያረጀ የጦር መኪና ከነተሳቢው ገዝቶ፣ አሳድሶ በአዲሱ የመኪና ማደሪያው በር ላይ ሊያቆመው አስቧል። ይህን መኪና የነዳ ሰው በሕይወት አለ ወይ ብሎ ሲያጠያይቅ የአባቷን ቤት አሳዩት። ሰውየው ራሱ መጥቶ ወሰዳቸው፤ ልጁም ከዘራ ያዥ ሆና አብራ ሄደች።

ያየችውን አትረሳውም። ከተሳቢው ወለል መሃል ዛፍ በቅሎ ጣውላውን በርግዶ ወጥቷል። የመኪናው ኮፈን ውስጥ ወፍ ቤት ሠርታለች። የመብራቶቹ ቦታ ባዶ ጉድጓድ ሆኖ፣ መኪናው የዓይኑን ብርሃን ያጣ ሽማግሌ ይመስላል። አባቷ ከዘራውን ለእሷ አቀበለና መዳፉን ከጎማው በላይ ያለው ፓራፋንጎ ላይ አሳረፈ።

«ቀዝቅዛለች» አለ፤ የታማሚ ዘመድ ግንባር የነካ ይመስል።

ባለቤቱ እድሳቱን እንዲመራላቸው ለምኖ፣ በምላሹ ምን እንዲያደርግለት እንደሚፈልግ ጠየቀው። አባቷ አንድ ነገር ብቻ አለ፦ «ተሠርታ ስታልቅ ከዚህ ግቢ አውጥቼ፣ እዚያ አንተ የምታቆምበት መደብ ላይ እስክትቆም የምነዳት እኔ ነኝ። ከነተሳቢዋ።»

«ጋሼ፣ ከእርስዎ ሌላ ማን ሊነዳት?» አለ ባለቤቱ። «ግን ይወቁት፤ አንዴ መደቡ ላይ ከወጣች ዘይቷን አፍስሰን ቸርኬዋን ከሲሚንቶው ጋር እናስራታለን። ሁለተኛ አትንቀሳቀስም።»

«አንድ ጊዜ ይበቃኛል» አለ አባቷ።

ሥራው ክረምትና በጋ ፈጀ። መካኒኩ ረጋ ያለ፣ ቀልድ የሚወድ ጎልማሳ ነው። ባትላሜራው ግን ዕድሜ ልኩን ቆርቆሮ ሲቀጠቅጥ ጆሮው ስለደነቆረ የሚያወራው ሁሉ ጩኸት ነው፤ በዚህም ስሙን «ሹክሹክታ» ብለውታል። አባቷንም ከጀርባው «ኦሪጅናል» አሉት። ምክንያት ነበራቸው። የተገኘው ቡሎን ሁሉ «ያኔ እንዲህ አልነበረም» ይባላል፤ የተሳቢው ጣውላ ተገጥሞ ካለቀ በኋላ የተዘረጋው በቁመት እንጂ በአግድም አይደለም ተብሎ እንደገና ተነቀለ።

በቀለሙ ደግሞ ሊጣሉ ደረሱ።

«አረንጓዴ አረንጓዴ ነው፣ ጋሼ!» ሹክሹክታ ከኮፈኑ ማዶ ጮኸ።

«ይሄ የትምህርት ቤት በር ነው።»

«ይሄኛውስ?»

«ይሄ ፋርማሲ ነው። እኛ መድኃኒት አልሸጥንም።»

ሦስተኛው ሲበጠበጥ አባቷ የጋቢናውን በር ከፍቶ ከመያዣው ኋላ ያለችውን ትንሽ ክዳን በካቻቢቴ ፈታ። ከሥሯ ፀሐይ አይታት የማታውቅ፣ ጥፍር የምታህል አረንጓዴ ወጣች። ሁሉም አንገታቸውን አስግገው አዩዋት። የጥንት ጠዋት የምታስታውስ፣ ጥላ ያዘለች፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል ሣር የሚለብሰውን ቀለም የመሰለች ነበረች። ሹክሹክታ እንኳን ድምፁን ዝቅ አደረገ።

ልጁ የጭነት ሳጥኑን፣ የካሶኔውን ሸራ ሰፋች። የልብስ ስፌት መኪናዋ ሸራውን እምቢ ሲላት ግቢው ውስጥ ተቀምጣ በወፍራም መርፌ በእጇ ሰፋችው። አባቷ ገመድ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች የት የት እንደሆኑ ዓይኑን ጨፍኖ ይነግራታል። «ደግሞ» አላት አንድ ቀን፤ «ፔዳሎቹ ከወለሉ የሚወጡበት ላይ የሸራ ጉርድ ነበራት፤ አቧራና ሙቀት እንዳይገባ። ቆንጆ አድርገሽ ስፊላት።»

አባቷ ግን የሾፌሩ ወንበር ላይ አይቀመጥም። ግቢው ውስጥ ማንቀሳቀስ ሲያስፈልግ መካኒኩ ነው የሚገባው። «ሳታልቅ አልቀመጥባትም» ብሏል። ይሄ ነው ነገሩን ሁሉ ያመጣው።

መካኒኩ ሞተሩ በተነሳ ሰሞን እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልበልና አይቆጡኝ።»

«ካልክ በኋላ እቆጣለሁ።»

«ለፍሪሲዮኗ አጋዥ እንግጠምላት። ለፍሬኑ አየር የሚያጠራቅመው በርሜል እዚሁ አለ። ከሱ አንዲት ቀጭን ቱቦ እስባለሁ፤ ከወለሉ ሥር ጡጫ የሚያህል አጋዥ አስራለሁ፤ በረገጡ ቁጥር አየሩ አብሮዎት ይገፋል። እኔ ራሴ እኮ ወገቤን ይዤ ነው የምረግጣት።»

«ያኔ ነበራት?»

«አልነበራትም።»

«እንግዲያው የላትም።»

«ማን ተንበርክኮ ያያታል?»

«እኔ አውቃታለሁ» አለ አባቷ። ከዚያ ዳሌውን መታ መታ አደረገና ፈገግ አለ። «እኔ ውስጥ ኦሪጅናል ያልሆነ ብረት ገብቷል። ከሁለታችን አንዳችን እንኳን እንደነበርን እንቆይ እንጂ።»

ሁሉም ሳቁ። ልጁም ሳቀች። አባቷ ራቅ ሲል ግን ወደ ጋቢናው ወጣችና ፔዳሉን ረገጠችው። ሙሉ ቀን የልብስ መኪና የምትረግጥ ሴት ናት፤ እግሯ ደካማ አይደለም። ግማሽ ድረስ ወረደና ቆመ። በሁለቱም እግሯ ቆመችበት፤ ፔዳሉ ቀስ ብሎ ወደ ላይ መለሳት።

ማንኪያው የወደቀው በማግስቱ ምሳ ላይ ነው።

ከዚያ ወዲያ ጠረጴዛ ላይ መብላት አቃታት። ከሥር የሚሆነውን ታውቃለች። አንዳንዴ አባቷ በወሬ መሃል ድንገት ዝም ይላል፤ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ይላል፤ ከዚያ «እና ምን አልኩሽ» ብሎ ይቀጥላል። መኪናው ከነተሳቢው ወደ አዲሱ ማደሪያ የሚያወጣው ዳገት ወገብ ላይ ሲቆም፣ እግሩ ፔዳሉ ግማሽ ላይ ሲንቀጠቀጥ፣ ሰው ዙሪያውን ከብቦ ሲያይ፣ ይህ ሁሉ ሥራ ላይ ሳለች፣ ጨርቅ ስትቆርጥ ይታያታል።

«አባዬ፣ መካኒኩ ቢነዳትና አንተ ጎኑ ብትቀመጥስ?» አለችው አንዴ።

«ጎኑማ የሚቀመጠው ረዳት ነው።»

«እግርህ ግን...»

«እግሬ ምን ሆነ?» አለና ዓይን ዓይኗን አያት። የፈራ ሰው ዓይን ነበር። ያን ዓይን አይታ ሌላ ቃል መጨመር አልሆነላትም።

አባቷ ለክትትል ሆስፒታል የሄደ ቀን ብቻዋን ወደ ግቢው መጣች። ሹክሹክታ ምሳ እስኪወጣ ጠበቀች፤ እሱ ምስጢር ከሰማ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ ማለት ነው።

«ግጠምለት» አለችው መካኒኩን።

«ከሰሙ አይምሩኝም።»

«አይሰማም።»

«እህቴ፣ አባትሽ እኮ ዳዶ ሲላላ ከቤታቸው ሆነው የሚሰሙ ሰው ናቸው።»

«ትንሽ ብቻ ያግዘው። ጭራሽ አታለስልሰው። ላብ ያውጣው፤ ብቻ ይውረድለት። እግሩ የሠራ ይምሰለው።»

መካኒኩ ጨርቁን አጠፈ፣ ዘረጋ። ከዚያ መኪናው ሥር ገባ። እሷም የሸራውን ጉርድ አመጣችና በፔዳሎቹ ዙሪያ፣ ቀጭኗ ቱቦ በምታልፍበት በኩል ድርብ አድርጋ ሰፋችው። ማታ አባቷ ሽፋኑን እንደጨረሰች ሲሰማ «ተባረኪ» አላት።

ቀኑ ደረሰ። አባቷ ተላጭቶ፣ ኮት ለብሶ፣ ሁለት ጣት የሰፋውን ሱሪውን አድርጎ መጣ። ከዘራውን ግቢው በር ላይ ተወው። የመኪናዋን መሰላል ይዞ ወደ ጋቢናው ሲወጣ ማንም እንዲደግፈው አልፈቀደም። ልጁ በወዲያኛው በር ገብታ ጎኑ ተቀመጠች፤ የረዳት ቦታ ላይ።

ሞተሩ ተነሳ። አባቷ ግራ እግሩን አንስቶ ፔዳሉ ላይ አኖረውና ቆየ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየች፤ ጸሎት ይሁን ስድብ አልሰማችም። ከዚያ ረገጠ።

ወረደ።

ፊቱን አለማየት አልቻለችም። መጀመሪያ ምንም አልነበረበትም። ከዚያ አንዳች ነገር ከአንገቱ ጀምሮ ወደ ላይ ወጣ፤ ጉንጮቹ፣ ዓይኖቹ፣ ግንባሩ ሁሉ በየተራ የሰሙት ይመስል። የሰው ፊት እንዲህ ሲበራ አይታ አታውቅም። ማርሹን አስገባ፣ እግሩን እንደ ጠረጴዛው ሥር በዝግታ ለቀቀ፤ መኪናው ሳይንገራገጭ፣ ተሳቢው ሳይንጓጓ፣ እንደ ጀልባ ተነስተው ከግቢው ወጡ።

«አየሽ?» አላት በሞተሩ ጩኸት መሃል።

«አየሁ።»

«ጠረጴዛው ላይ ስሠራ ነበር እኮ የከረምኩት። አንቺ ካርቶን ትወትፊያለሽ።» ሳቀ። «ሐኪሙ ከዘራ የዕድሜ ልክ ነው ብሎኝ ነበር። ይምጣና ይይ።»

መስኮቱን አየች። ሰዎች ከሱቅ እየወጡ ይቆማሉ፤ እጃቸውን ያወዛውዛሉ። ዳገቱን ወጡ። ማርሽ ቀየረ፤ ደግሞ ቀየረ፤ በረገጠ ቁጥር ትከሻው ይደሰታል። ልንገረው ይሆን? ለማን ይጠቅማል? ከነገ ወዲያ ዘይቷ ይፈሳል፣ ቸርኬዋ ይታሰራል፣ ነገሩም አብሮ ይታሰራል። ደስታውን ልትካፈል ፈለገች፤ የማትነካው የሰው ዕቃ ሆነባት።

አዲሱ ግቢ በር ላይ ጡረተኛ ሾፌሮች፣ የጥንት ባልደረቦቹ፣ ተሰልፈው ይጠብቃሉ፤ መካኒኩና ሹክሹክታም ቀድመው ደርሰዋል።

«ዛሬ አልወደቅክም እንዴ?» አለ አንዱ ከሥር።

«ውስጧ አምፖል የለም» አለ አባቷ በመስኮቱ፤ ሁሉም አሽካኩ።

የቀረው የመጨረሻው ነው፤ ዝቅተኛው የሲሚንቶ መደብ ላይ ወደኋላ ማስገባት። «ውረጂና ከኋላ እዪልኝ» አላት። ወረደች። የዚህ ዓይነት ተሳቢ ወደኋላ ሲገፋ በሁለት ቦታ ይታጠፋል፤ መሪው ወደ ቀኝ ሲዞር ራሱ ወዲያ ጅራቱ ወዲህ ይሄዳል። አባቷ አንዴም ሳይመለስ፣ ልክ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር እንደሚያስገባ ሰው፣ ተሳቢውንም መኪናውንም አንድ መስመር ላይ አስገብቶ አቆመ። ጭብጨባ ሆነ። ሹክሹክታ የጮኸው ከጭብጨባው በላይ ተሰማ።

አባቷ የእጅ ፍሬኑን ሳበና ሞተሩን አጠፋ።

ጭብጨባው ረገበ። ልጁ ወደ ጋቢናው በር ሄዳ ቆመች፤ በሩ ከፍ ያለ ስለሆነ የሚታያት ራሱና ትከሻው ብቻ ነው። መኪና ሲቆም ማርሽ ውስጥ አስገብቶ መተው ልማዱ ነው። ፍሪሲዮኑን ረገጠ፣ ማርሹን አስገባ፣ ለቀቀ።

ከወለሉ ሥር አንድ ነገር «ፉስ» አለ።

ትንሽ ድምፅ ነበረች፤ የተኛ ሰው ሲገላበጥ እንደሚተነፍሰው ያለች። መንገዱን ሙሉ ሞተሩ ሸፍኗት ነበር። አባቷ አንገቱን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አደረገ። ደግሞ ረገጠ፣ ለቀቀ። ፉስ።

ልጁ ወደ መካኒኩ ዞረች። መካኒኩ ጫማውን እያየ ነው።

አባቷ በመስኮቱ ቁልቁል አያት። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቁጣ ቢሆን ትችለው ነበር። ያ ከአንገቱ ጀምሮ የበራው ብርሃን ግን የለም።

«ሽፋኑን ቆንጆ አድርገሽ ነው የሰፋሽው» አላት።

ከዚያ ፊቱን ወደፊት መለሰና መርገጥ ጀመረ። እየረገጠ ይለቃል፤ በለቀቀ ቁጥር ድምፅዋ ትቀጥናለች፤ በርሜሉ ውስጥ የተጠራቀመው አየር እያለቀ ነው። ጡረተኞቹ ምን እየሆነ እንደሆነ ሳይገባቸው ቆመዋል። ፉስ። ፉ...። በመጨረሻ ምንም አልተሰማም።

አሁን ፔዳሉ የያኔው ፔዳል ነው።

አባቷ ሁለት እጁን መሪው ላይ አጥብቆ ያዘ። ትከሻው ወደ ኋላ ሄደ፤ የአንገቱ ሥሮች ተገተሩ፤ ጥርሱን ነከሰ። ልጁ በጣቷ ጫፍ ቆመች። የበሩ ቆርቆሮ፣ ያ ጥፍር በምታህል ምልክት የተገኘው አረንጓዴ፣ ከደረቱ በታች ያለውን ሁሉ ሸፍኖባታል። እግሩ የት እንደደረሰ አይታያትም። መሰላሏ ላይ ልትወጣ እጇን ዘረጋች፤ እንደነካችው ተወችው። ትከሻው ብዙ ቆይቶ ወደ ቦታው ተመለሰ።

በሩን ከፍቶ ወረደ። እንደወጣው፣ ያለ ደጋፊ። ቁልፉን ለባለቤቱ ሰጠ፤ የመካኒኩን ትከሻ አንዴ መታ አድርጎ አለፈ።

«ጋሼ» አለ መካኒኩ ቀስ ብሎ፤ «ወረደ?»

አባቷ መራመዱን ቀጠለ። ልጁ ከኋላው ደረሰችበት።

«አባዬ፣ ከዘራህ እዚያኛው ግቢ ቀርቷል። ጠብቀኝ፣ ሰው ልኬ ላስመጣልህ።»

«ተዪው።»

«አባዬ... ወረደልህ እንዴ?»

ቆመ። መኪናዋን በልጁ ትከሻ ላይ አሻግሮ አየ፤ መደቧ ላይ ጉብ ብላለች፤ ተሳቢዋ ከኋላዋ ቀጥ ብሎ። ከዚያ እሷን አየ፤ የደከማት ልጅ እንደምትታይ።

«አሁን ማወቁ ምን ያደርግልሻል?» አላት።

እና ሄደ። ሰፊውን ግቢ ለብቻው አቋርጦ፣ በጡረተኞቹ መሃል አልፎ፣ ወደ በሩ። ዓይኗን ከእግሩ አልነቀለችም፤ ዕድሜዋን ሙሉ የለካችው፣ የቆረጠችለት፣ የሰፋችለት እግር ነው፤ ካሁኑ አካሄዱ ልታነበው ሞከረች። የሱሪው ግራ እግር ይርገበገባል። ግቢው ላይ ነፋስ አለ። ነፋሱ ይሁን እግሩ የሚንቀጠቀጠው፣ ከቆመችበት መለየት አቅቷት ሳለ በሩን ወጣ።